ሰር ሃምፍሪ ዴቪ፤ መዳቡን አድኖ መርከቡን ያስቸገረው ሳይንቲስት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግልግል ዳኝነት ጉዳይ በሕግ አማካሪነት ተሳትፌ ነበር። የክርክሩ መነሻ ከመሬት በታች የተቀበረ የብረት የውኃ ቧንቧ ነው። አሠሪው ወገን፣ ቧንቧው ገና በስድስተኛ ዓመቱ ተበሳስቶ ውኃ ማፍሰስ ስለጀመረ ተቋራጩ ይካሰኝ ይላል። ተቋራጩ ደግሞ ቧንቧዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ መከላከያ ሽፋናቸው አንድም እንከን እንዳልነበረበት የሚያረጋግጥ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ አቅርቦ ነጻ ነኝ ይላል። ሰነዱ እውነተኛ ነበር። የቧንቧው መበሳትም እውነት ነበር። የአካባቢው ነዋሪ ለሳምንታት ጀሪካን ተሸክሞ ሲንከራተት እኛ በሁለት እውነቶች መካከል ቁጭ ብለን እንከራከር ነበር።

ነገሩን ጠጋ ብዬ ሳየው ሰነዱ የሚናገረው ቧንቧው መሬት ከመግባቱ በፊት ስለነበረው ሁኔታ ብቻ መሆኑ ገባኝ። ከተቀበረ በኋላ ሽፋኑን ድንጋይ ይፋቀው፣ አፈር ይላጠው፣ ወይም ውኃ ከሥሩ ይግባበት፣ ሄዶ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለማይንቀሳቀስ ንብረት ግንባታ የ10 ዓመት የተቋራጭ ዋስትና ማስቀመጡን ሁላችንም የሕግ ሰዎች እናውቃለን። ይሁንና በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ ሄዶ ሽፋኑን እንደሚመረምር በውላቸው ውስጥ አንድም መስመር አልነበረም። ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ማንም አልረታም፤ ማንም አልተረታም።

ለምስክርነት የመጣ አንድ መሐንዲስ በዕረፍት ሰዓት ቡና ስንጠጣ፣ የዚህ ሁሉ ነገር አባት አንድ የእንግሊዝ ኬሚስት ነው ብሎ ስሙን ነገረኝ። ሰር ሃምፍሪ ዴቪ። ስሙን የማውቀው ከትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መጽሐፍ፣ ከማዕድን ቆፋሪዎች ፋኖስ ጋር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ። ያነበብኩት ታሪክ ከዚያ የግልግል ጠረጴዛ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። ዛሬ ለአንባቢ ላካፍል የወደድኩትም ይህንኑ ነው።

ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1778 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል ግዛት፣ ፔንዛንስ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ እንጨት ጠራቢ ነበር። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ሃምፍሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 አባቱ ዕዳ ትቶ ሲሞት ልጁ በዓመቱ ከአንድ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ለሙያ ልምምድ ገባ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደጅ አልረገጠም። መድኃኒት እየቀመመና ያገኘውን መጽሐፍ እያነበበ ራሱን አስተማረ።

በ19 ዓመቱ ብሪስቶል ከተማ ውስጥ በሽታን በጋዝ ለማከም ወደተቋቋመ ተቋም ተወሰደ። እዚያ ጋዞቹን የሚሞክረው በራሱ ሳንባ ነበር። በአንዱ ሊሞት ደርሶ ለጥቂት ተርፏል። ሌላው ዛሬ የሚያስቅ ጋዝ እየተባለ የሚጠራው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ዴቪ ይህ ጋዝ ሕመምን እንደሚያደነዝዝ፣ በቀዶ ሕክምናም ሊጠቅም እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። ግን አልተከታተለውም። ከ40 ዓመታት በላይ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ እስኪሞክረው ድረስ ሕሙማን በጩኸት ሲቆረጡ ኖሩ። ማየትና መከታተል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1801፣ በ22 ዓመቱ፣ ለንደን ወደሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ተዛወረ። ንግግር ዐዋቂ ነበር። የለንደን ባለጸጎችና እመቤቶች ትምህርቱን ለመስማት በሠረገላ ይጎርፉ ስለነበር፣ ከመጨናነቁ የተነሳ መንገዱ ተሽከርካሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያልፍበት የከተማዋ የመጀመሪያ ጎዳና ሆነ ይባላል። በቤተ ሙከራው ደግሞ ያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረውን የቮልታን ባትሪ ይዞ የተዋሐዱ ነገሮችን በኤሌክትሪክ ይለያይ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1807 ፖታሲየምንና ሶዲየምን፣ በቀጣዩ ዓመት ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምን፣ ባሪየምንና ስትሮንቲየምን ለዓለም አሳየ። አገሩ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ሳለች የፈረንሳይ የሳይንስ ተቋም ሸለመው። እ.ኤ.አ. በ1812 የሰር ማዕረግ አገኘ፤ በሦስተኛው ቀን አንዲት ባለጸጋ መበለት አገባ። በ1813 ደግሞ ማይክል ፋራዴይ የተባለ ድሃ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ በረዳትነት ቀጠረ። ከግኝቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ፋራዴይን ማግኘቱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

የዴቪን ስም በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ያነሳው ግን ፋኖሱ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1812 በሰሜን እንግሊዝ ፌሊንግ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 92 ሰዎችና ሕፃናት አለቁ። በጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ከቆፋሪዎቹ መብራት ጋር ሲገናኝ ነበር የሚፈነዳው። ዴቪ በ1815 መጨረሻ መፍትሔ አገኘ፤ እሳቱን በጥቃቅን የሽቦ ወንፊት መክበብ። በአንድ ካሬ ኢንች ላይ 784 ቀዳዳዎች ያሉት ይህ ወንፊት የእሳቱን ሙቀት ስለሚበታትነው ነበልባሉ ወደ ውጭ አያልፍም። ዴቪ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አላወጣም። ገንዘቡን ትቶ ለሰው ሕይወት አበረከተው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ፋኖሱ ሲመጣ የማዕድን ባለቤቶች ቀድሞ ያልደፈሯቸውን ጋዝ የበዛባቸውን ጉድጓዶች መክፈት ጀመሩ። ወንፊቱም ይዝጋል፣ ይጎብጣል፣ ይቀደዳል። አንድ የሰፋ ቀዳዳ የቀሩትን ከምንም አያስቆጥራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1835 የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ጉዳዩን ሲመረምር፣ በሰሜኑ የማዕድን አካባቢ ፋኖሱ ከመጣ በኋላ ባሉት 18 ዓመታት የሞቱት ከዚያ በፊት በነበሩት 18 ዓመታት ከሞቱት በልጠው ተገኙ። መከላከያ ሲኖር ሰው ይደፍራል። የደፈረ ሰው ደግሞ መከላከያውን በየጊዜው ካልመረመረ መከላከያው ራሱ ወጥመድ ይሆናል።

አሁን ወደ መርከቦቹ እንሂድ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የእንጨት መርከቦቹን ሆድ በመዳብ ቆርቆሮ ያለብስ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንጨት የሚበላውን የባሕር ትል ለመከላከል፤ ሁለተኛ፣ የባሕር አረምና ዛጎል ለባሽ ነፍሳት ከመርከቡ ጋር ተጣብቀው ፍጥነቱን እንዳይቀንሱ ነው። ችግሩ መዳቡ በጨው ውኃ ቶሎ መበላቱ ነበር። ወጪው ሲከብደው ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1823 የሳይንስ ሊቃውንቱን ማኅበር ሮያል ሶሳይቲን አማከረ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከ1820 ጀምሮ ዴቪ ነበር።

ብዙዎች መዳቡ ንጹሕ ስላልሆነ ነው የሚበላው ይሉ ነበር። ዴቪ ግን ነገሩን ከኤሌክትሪክ አንጻር አየው። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች በጨው ውኃ ውስጥ ተነካክተው ሲቀመጡ አንደኛው ይበላል፣ ሌላው ይድናል። ስለዚህ ከመዳቡ ጋር ከእርሱ ይልቅ ለመበላት የሚቸኩል ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝ፣ ያ ለመዳቡ ይሞትለታል። ሙከራው አስገራሚ ነበር። የአተር ፍሬ የምታህል ዚንክ ወይም የትንሽ ሚስማር ጫፍ ከ40 እስከ 50 ካሬ ኢንች የሚሆን መዳብ ከመበላት አዳነች። ዴቪ ግኝቱን በ1824 መጀመሪያ ለማኅበሩ አቀረበ።

ቀጥሎ በፖርትስማውዝ ወደብ የመዳብ ቆርቆሮዎች ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ብረትና ዚንክ እየተያያዘላቸው ለሳምንታት ባሕር ውስጥ ተቀመጡ። ከመግባታቸው በፊት ተመዘኑ፤ ሲወጡም ተመዘኑ። በቂ መከላከያ የተደረገላቸው ምንም ሳይጎድሉ ወጡ። ከዚያም ሳማራንግ በተባለች የጦር መርከብ ላይ የመዳቧን ስፋት 1.2 በመቶ የሚያህል የቀለጠ ብረት ተገጠመ። ኖቫ ስኮሺያ ደርሳ በጥር 1825 ስትመለስ፣ ከኋላዋ በኩል ጥቂት ከመበላቱ በቀር መዳቡ ደኅና ነበር። ዴቪ አሸነፈ።

ድሉ የቆየው ግን ለወራት ብቻ ነው። መከላከያው የተገጠመላቸው መርከቦች ረዥም ጉዞ አድርገው ሲመለሱ ሆዳቸው በባሕር አረምና በዛጎል ተሸፍኖ ተገኘ። እየተጎተቱ ነበር የሚሄዱት። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። መዳቡ አረሙን ያባርር የነበረው ቀስ እያለ ወደ ውኃው በመሟሟቱ ነው፤ የሚሟሟው መዳብ ለነፍሳቱ መርዝ ነው። ዴቪ መሟሟቱን ሲያስቆም መርዙንም አስቆመ። ከዚህም በላይ ከመጠን ባለፈ መከላከያ ምክንያት መዳቡ ላይ የኖራ ቅርፊት ይጋገር ነበር፤ አረሙ በዚያ ላይ ተመችቶት ይበቅላል። ልኳል ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 ባሕር ኃይሉ መከላከያው ባሕር ከሚወጡ መርከቦች እንዲነሳ አዘዘ። ዴቪ የጋዜጦች መሳለቂያ ሆነ።

እንደ ሕግ ሰው ይህን ጉዳይ ብመዝነው የዴቪ ማስረጃ ሐሰት አልነበረም። ሚዛኑ አልዋሸም። መዳቡ በእርግጥ አልጎደለም። ጥፋቱ ማስረጃው የመለሰው ጥያቄና ባሕር ኃይሉ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ መለያየታቸው ነው። የተጠየቀው መዳቡ ጎደለ ወይ የሚል ነበር፤ መጠየቅ የነበረበት ግን መርከቡ በደኅና ይሄዳል ወይ የሚለው ነው። የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ መታየቱ ነው። ከመጠን በላይ በተጠበቁት ቆርቆሮዎች ላይ ቅርፊትና አረም መያዙን ዴቪ ራሱ በ1824 አስተውሎ ጽፎታል። እንደ ናይትረስ ኦክሳይዱ ሁሉ አየው፤ ግን እስከ መጨረሻው አልሄደበትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1826 መጨረሻ አካሉን ሽባነት መታው፤ በ1827 ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። በአውሮፓ ሲዘዋወር ቆይቶ ግንቦት 29 ቀን 1829 በጄኔቭ አረፈ። ገና 50 ዓመቱ ነበር። የተቀበረውም እዚያው ነው። በሕይወቱ መጨረሻ ስሙን የሚያጎድፍ ሌላም ነገር ነበር፤ ያሳደገው ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዳይሆን ተቃውሞ ነበር። ፋራዴይ ግን በጥር 1824 ተመረጠ። ተማሪው መምህሩን ሲበልጥ መምህሩ ሊኮራ ሲገባው ቀና። ታላላቅ ሰዎችም ሰዎች ናቸው።

የሚገርመው ባሕር ላይ የወደቀው ሐሳብ የተነሳው መሬት ውስጥ መሆኑ ነው። ፋራዴይ በ1830ዎቹ በኤሌክትሪክና በሚሟሟው ብረት መጠን መካከል ያለውን ሕግ አስቀመጠ። በዚያ ሕግ ሲሰላ ከብረት ላይ አንድ አምፒር ለአንድ ዓመት ሲወጣ ወደ 9 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ብረት ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ ሮበርት ኩን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በኒው ኦርሊንስ የተቀበረ የጋዝ ቧንቧን በዴቪ መንገድ ከዝገት መጠበቅ ጀመረ። ለዚህም መለኪያ አበጀለት፤ ቧንቧው ከመዳብ ሰልፌት መለኪያ አንጻር ከዜሮ በታች 0.85 ቮልት ላይ ከተያዘ ዝገቱ ይገታል። ይህ ቁጥር ዛሬም የሙያው መነሻ ነው።

መሬት ውስጥ አረምና ዛጎል ስለሌለ የዴቪ መድኃኒት እንደ ባሕሩ አላሳፈረም። ሆኖም ብቻውን አይሠራም። ቧንቧው መጀመሪያ በሬንጅ፣ በፕላስቲክ ወይም በኢፖክሲ ሽፋን ይለብሳል፤ ኤሌክትሪኩ የሚጠብቀው ሽፋኑ የተላጠበትን ቦታ ብቻ ነው። ሽፋኑ ሲያረጅ ኤሌክትሪኩ ይበዛል። ከመጠን ካለፈ ደግሞ በተላጠው ቦታ ዙሪያ የሚፈጠረው አልካሊ ደኅናውን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቀዋል። መቶ ዓመት ያለፈው የዴቪ ስሕተት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ ጥበቃው ሲበዛ የሚጠብቀውን ያበላሻል።

ስለዚህ ሽፋኑ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳይቆፈር ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በመጀመሪያ ሰነድ ይታያል፤ ቧንቧው መቼ ተቀበረ፣ በምን ተለበጠ፣ አፈሩ ምን ዓይነት ነው። ቀጥሎ በላዩ ላይ በእግር ይኬዳል። አንደኛው ዘዴ በየሜትሩ ገደማ የቧንቧውን ቮልቴጅ፣ ኤሌክትሪኩ ሲበራና ሲጠፋ፣ መለካት ነው። ይህ ጥበቃው ደርሷል ወይ የሚለውን ይመልሳል። ሌላው ሁለት ዘንጎችን መሬት እየወጉ በመካከላቸው ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት ማየት ነው። ሽፋኑ ከተቀደደበት ቦታ ኤሌክትሪክ ስለሚገባ የመሣሪያው መርፌ ወደዚያ ይጠቁማል፤ ቀዳዳውን ሲያልፉት ይዞራል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው የፒርሰን ዘዴ ደግሞ ሁለት ሰዎች ተራርቀው እየሄዱ በቧንቧው ላይ የተለቀቀውን ምልክት በጆሯቸው የሚያዳምጡበት ነው።

እነዚህ ምስክሮች እያንዳንዳቸው ድክመት አለባቸው። ቀዳዳ የሚያሳየው መሣሪያ በቀዳዳው ውስጥ ብረቱ መበላት አለመበላቱን አይናገርም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሽፋኑ ሳይቀደድ ከብረቱ ተላቆ እንደ ላላ ካልሲ ሲንጠለጠል ነው። ውኃ ከሥሩ ይገባል፤ ፕላስቲኩ ኤሌክትሪኩን ይከልላል፤ መሣሪያው ከላይ ሆኖ ደኅና ነው ይላል። ከሥር ብረቱ ይበላል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው የእኛው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካ የሙያ ማኅበር ደረጃ ቢያንስ ሁለት የሚደጋገፉ መሣሪያዎች እንዲሠራባቸው፣ ከዚያም አጠራጣሪ ቦታዎች ተቆፍረው በዓይን እንዲታዩ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ሲቆፈርም የሽፋኑ ውፍረት ይለካል፣ ይዞ እንደሆነ በቢላ ይሞከራል፣ ከሥሩ የተገኘው ውኃ አልካሊ መሆን አለመሆኑ ይታያል፣ የጉድጓዶቹ ጥልቀት ይመዘገባል። በመጨረሻም የተገኘው ከተገመተው ጋር ይነጻጸራል። እኛ ምስክርን በምስክር፣ ሰነድን በዐውደ ግምገማ እንደምናረጋግጠው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ካሉ ጓዳላሃራን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1992 በዚያች የሜክሲኮ ከተማ የቤንዚን ማስተላለፊያ የብረት ቧንቧ ተቀርቦ ከተዘረጋ የውኃ ቧንቧ ጋር በፈጠረው ኤሌክትሮ ኬሚካላዊ መበላላት ተበሳ ተብሎ ተገልጿል። ቤንዚኑ ወደ ፍሳሽ መስመር ገባ። ጎዳናዎቹ ተከታትለው ፈነዱ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዴቪ መዳብን ያዳነበት ሕግ ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ማንም አስቦ ያገጣጠመው አለመሆኑ ነው።

ወደ ከተማችንም ቢመጣ ጥያቄው የሩቅ አይደለም። በቀጥተኛ ጅረት የሚሄድ ባቡር ባለበት ከተማ ከሐዲዱ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ሽፋኑ በተላጠ ቧንቧ ገብቶ በሌላ ቦታ ሲወጣ ብረቱን ይዞ እንደሚወጣ ሙያው ከመቶ ዓመት በላይ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ሥራ ጀምሯል። መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ገመዱ፣ ፍሳሹና የውኃ ቧንቧው እየተነካኩ መልሰው የሚቀበሩባት ከተማ ነዋሪ ነኝና፣ ቧንቧ ሲቀበር ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይህን ከነገ ወዲያ ማን ይጠይቀዋል?

ሃምፍሪ ዴቪን አልነቅፈውም። ያለ እርሱ የዛሬው ጥበቃ አይኖርም ነበር። ከማዕድን ባለቤቶች ስለ ፋኖሱ የተበረከተለት የብር ዕቃ እንኳን ወንድሙ ባስተላለፈው ኑዛዜ ተሽጦ እ.ኤ.አ. ከ1877 ጀምሮ በስሙ ለኬሚስቶች የሚሰጥ ሜዳልያ ሆኗል። ነገር ግን ከስኬቱ ይልቅ ያስተማረኝ ውድቀቱ ነው። መከላከያ መግጠም የሥራው ግማሽ እንኳን አይደለም። ሌላው ግማሽ ተመልሶ ሄዶ፣ በትክክለኛው ጥያቄ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ምስክር መመርመር ነው።

ከዚያ የግልግል ጉዳይ በኋላ ቧንቧ የሚነካ ውል ሳረቅ አንድ አንቀጽ አልተውም። ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ሽፋኑ ዋስትናው ሳያልቅ በሁለት ዘዴ ይለካል፣ በተመረጡ ቦታዎች ይቆፈራል፣ ውጤቱም ሁለቱም ወገኖች ፈርመውበት ይቀመጣል የሚል ነው። ደንበኞቼ ወጪ ነው ብለው ያጉረመርማሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ እመልስላቸዋለሁ። ካልገባቸው ስለ አንድ እንግሊዛዊና ስለ መርከቦቹ አጫውታቸዋለሁ።